የማይለቅ ሙስቲካ

ሄልካ ሙስቶነን ሰው ጭና ዝም ብላ ነድታ አታውቅም። ታክሲዋ የገጠር ታክሲ ናት። ሥራዋ በሩቅ ሰሜን ባለው የካይኑ አውራጃ ጫካ ውስጥ ተበታትነው የሚኖሩ ሕሙማንን ከየደጃፋቸው እያነሳች ከተማ ወዳለው ትልቁ ሆስፒታል ማድረስና መመለስ ነው። መንገዱ ረጅም ነው፤ ግራና ቀኙ ጥድ ነው፤ አልፎ አልፎ አጋዘን መሀል አስፋልት ላይ ተገትሮ ካላፈጠጠ በቀር የሚታይ የለም። ስለዚህ ሄልካ ትጠይቃለች።

"ያስገቡልህ የዳሌ ብረት በረዶ ሲጥል ይበርድሃል?" ትላለች በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየች። "ዓይንሽን ሲሠሩሽ ቢላዋው ይታይሽ ነበር?" "ደምህን አጥበው ሲመልሱልህ ያው ያንተው መሆኑን በምን ታውቃለህ?"

የዚያ አገር ሰው ቃል ቆጣቢ ነው። አውቶቡስ ሲጠብቅ እንኳ አንዱ ከሌላው የሚርቀው ርቀት ሌላ አገር ቢሆን እንደ ጠብ ይቆጠር ነበር። በሄልካ መኪና ግን ማምለጫ የለም፤ በሩ የሚከፈተው ሆስፒታል ሲደርስ ነው። ኩላሊቱ ደክሞ ደሙን ለማሳጠብ የሚመላለሰው ሽማግሌው ካሌቪ፣ "ያንቺ ታክሲ ውስጥ ሁለት ነገር ይሮጣል" ይላት ነበር። "ቆጣሪውን መንግሥት ይከፍልልኛል፤ ጥያቄሽን ግን ከራሴ ነው የምከፍለው።" እንዲህ ይበል እንጂ ሌላ ሹፌር የተላከለት ቀን አኩርፎ ነው የሚውለው።

ታዲያ ይህች የሰውን ሁሉ ገላ የምትጠይቅ ሴት ስለራሷ ገላ አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም ነበር። ወገቧን ሲቆርጣት መንዳት ነው አለች። ሕመሙ ከወገቧ በስተግራ ተነስቶ በጭኗ በኩል እስከ ቅልጥሟ እንደ ኤሌክትሪክ መውረድ ሲጀምርም መንዳት ነው አለች። ተሳፋሪዎቿም ተራቸው ደረሰና ሐኪም ሆኑባት።

"እኔን ስሚኝ፣ ወንበሩን ቀይሪ" አላት ካሌቪ።

"ቀይሬዋለሁ።"

"እንግዲያው መኪናውን።"

"መኪናውንም ቀይሬዋለሁ።"

ካሌቪ ጥቂት ኪሎ ሜትር አሰበበት። "እንግዲያው የቀረው ታፒዮ ነው" አለ።

ታፒዮ ባሏ ነው። የእንጨት መቁረጫ ማሽን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ብዙ ማሽን የሰማ ጥቂት ቃል የተናገረ ሰው ነው። በመጨረሻ ግን "ሂጂ ታዪ" ያላት እሱ ነው፤ ሁለት ቃል ብቻ ነበረች፣ ሄልካም በታፒዮ ልክ ሲመዘን ጩኸት መሆኑ ስለገባት ሄደች።

ኤምአርአይ ተነሳች። በታችኛው የጀርባዋ አከርካሪ በስተግራ፣ ነርቩ ከሕብለ ሰረሰር ወጥቶ ወደ እግር በሚወርድበት ቀዳዳ ውስጥ፣ ግማሹ ከውስጥ ግማሹ ከውጭ ሆኖ የተሰነቀረ ዕጢ ተገኘ። ወንበሩ በነጻ ተሰናበተ። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ላሲላ እንዲህ ያለው ከነርቭ ሽፋን የሚበቅል ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ክፋት እንደሌለው ነገራት። በምስሉ ላይ ከተለመደው ይልቅ ደመቅ ብሎ ማብራቱን ግን አይቶ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ነበር። ሄልካ ያቺን ቅንድብ አይታለች። ለምን እንዳልጠየቀች ኋላ ራሷንም ገርሟታል።

ቀዶ ሕክምናው የተቀጠረው በነሐሴ፣ በሙስቲካ ወቅት ነው። ሙስቲካ ከጉልበት በታች በሚቀር ቁጥቋጦ ላይ የምትበቅል ጥቁር ሰማያዊ የዱር ፍሬ ናት። ያን ሰሞን ካይኑ ውስጥ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ጫካ ይገባል፤ ትንኝ እየበላው ሙስቲካ ይበላል፤ የሰው ሁሉ ከንፈር ጠቁሮ ይሰነብታል። የተረፈው ፍሬ በረዶ ቤት ይገባና ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከገንፎ ጋር ይበላል። የሰው ከንፈር ጠቁሮ ቢታይ "ምን ሆነሃል?" የሚል የለም።

የሙስቶነን ዘር ከንፈር ግን ፍሬው ሳይደርስም ካለቀም በኋላ ያው ነው። በከንፈራቸው ዳርና በዓይናቸው ጥግ ጥግ ጥቁር ቡናማ ጠቃጠቆ አለባቸው። መንደሩም "የሙስቲካ አፎች" ብሎ ሰይሟቸዋል። ሙስቶነን የሚለው ስም ራሱ በአገሬው ቋንቋ "ጥቁር" ከሚል ቃል የወጣ ነውና መንደሩ ለቀልዱ ብዙም አልደከመም። የሄልካ አባት የሙስቲካ አፍ ነበር። ገና ጎልማሳ ሳለ መረቡን ሊያነሳ ሐይቅ ገብቶ እጁ መረቡ ላይ እንዳለ ጀልባው ውስጥ ሞተ። የሙስቶነን ልብ ነው ተባለና ተቀበረ። ሄልካ የአባቷን ከንፈር ወርሳለች፤ የሄልካና የታፒዮ አንድያ ልጅ ኢልታ ደግሞ የእናቷን።

ኢልታ ትምህርት ቤት የገባች ዓመት ለተማሪዎች ፎቶግራፍ ሲቀጠር ሄልካ ልጇን መታጠቢያ ቤት አቁማ ከንፈሯን በጨርቅ አሸችው። አልሆን ሲላት በሎሚ አሸችው። "አይለቅም፣ እማ" አለች ኢልታ እያለቀሰች። "ይለቃል፤ ዝም ብለሽ ቁሚ" አለች ሄልካ። በራሷ ከንፈር ላይ ዕድሜ ልኳን ያልለቀቀው በልጇ ላይ ይለቃል ብላ ማሰቧ ግራ የሚያጋባ ነው፤ ግን እናት ልጇ እንዳይቀለድባት ስትል የማታስበው ነገር የለም። ፎቶግራፉ ላይ ከንፈሯ ያበጠ የተቆጣች ልጅ ትታያለች። ኢልታ ካደገች በኋላ ያለ ቀይ ሊፕስቲክ ከቤት ወጥታ አታውቅም።

አሁን ኢልታ በጎረቤት ከተማ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፤ ማታ ማታ ከመዘምራን ጋር ትዘምራለች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ረጅሙን ድምፅ ስትይዝ ትንፋሿ እያጠረ አስቸግሯታል። የሕፃናቱን ጫማ ልታስር ስታጎነብስም ዓይኗን ያዞራታል። በጤና ጣቢያ የደም ማነስ ይሆናል፣ እረፊ ተብላለች። ለእናቷም በስልክ ይህንኑ ነገረቻት፤ እናቷ የምትገባበት ቀዶ ሕክምና ነበረና ወሬው እዚያው ላይ ቀረ።

ሄልካ ከቀዶ ሕክምናው ስትነቃ የእግሯ ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ነበር። ዶክተር ላሲላ መጥቶ ከአልጋዋ አጠገብ ቆመ።

"ወጥቷል" አላት። "ሙሉ በሙሉ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ጥቁር ነበር።"

"ጥቁር እንደ ምን?"

"ጥቁር ነዋ፣ ሄልካ።"

"ጥቁር ብዙ ነው። እንደ ከሰል ነው? እንደ ሙስቲካ ነው?"

ለሐኪሙ ይህ ጥያቄ በትምህርቱ አልነበረም። ትንሽ አሰበና፣ "እንደ ሬንጅ" አለ።

"እንግዲያው ያገር ልጅ ነው" አለች ሄልካ። "አያቴ ጥድ እያቃጠለ፣ ሬንጅ እያንጠባጠበ ነው ልጆቹን ያሳደገው።"

ሐኪሙ አልሳቀም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሐኪም ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ወሬው ደግ እንዳልሆነ ሄልካ ከተሳፋሪዎቿ ስለሰማች እሷም ሳቋን አቆመች።

"ነርቭ ላይ ጥቁር ዕጢ ስናገኝ መጀመሪያ የምንፈራው ሜላኖማን ነው" አለ። "የቆዳ ካንሰር ነው። ከአንዲት ጥቁር ነጥብ ተነስቶ በደም ተጉዞ ሌላ ቦታ ያርፋል። ያንቺ እንዲህ ከሆነ የተነሳበትን እናቱን መፈለግ አለብን።"

"ከተገኘችስ?"

"ከተገኘች ሌላም ቦታ ዘርታ ይሆናል፤ የምንታገለው ከሷ ጋር ብቻ አይሆንም" አለ ዶክተር ላሲላ፣ እጁንም አልጋዋ ጠርዝ ላይ አሳረፈ። ሄልካ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም።

ፍለጋው ተጀመረ። ወጣቱ የቆዳ ሐኪም በትንሽ መብራት ገላዋን እንደ ካርታ አጠናው፤ የራስ ቆዳዋን፣ የጆሮዋን ጀርባ፣ የእግር ጣቷን መሀል ሳይቀር አየ። ፊቷ ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ። ታፒዮ ከቤት ያመጣላት የሙስቲካ ኬክ ሳህኑ ላይ ፍርፋሪው ቀርቶ ነበር።

"ዘንድሮ ሙስቲካው ጥሩ ነው አሉ" አላት ሐኪሙ።

"ኧረ ግሩም ነው፤ ከቤታችን ጀርባ እንደ ጉድ ነው" አለች ሄልካ።

ሁለቱም ሳቁ። ሐኪሙም መብራቱን ወደ አንገቷ አወረደ። እዚያች ቦታ ላይ የተሳሳተው እሱ ብቻ አይደለም። በነሐሴ ጥቁር ከንፈር አይቶ ሌላ ነገር የሚጠረጥር የካይኑ ሰው አልተወለደም፤ ሄልካ ራሷ በዚያች ደቂቃ ከንፈሯ የጠቆረው በኬኩ ይመስላት ነበር።

ዓይኗ ታየ። አፍንጫዋ ታየ። ካሜራ ከላይም ከታችም ገባ። እናቱ ግን የለችም። ሄልካ ቁስሏ ሽሮላት ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ሐኪሞቹም ፍለጋውን ቀጠሉ። ታፒዮ እንጨት መፍለጥ ጀመረ። ከጠዋት ይፈልጣል፣ ምሳ በልቶ ይፈልጣል፤ ክምሩ ከመስኮቱ አልፎ የሐይቁን መልክ ከለለው። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ወትሮው ሳውናውን፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱን፣ ያሞቃል፣ ሁለቱም ራቁታቸውን ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ውሃ የጋለው ድንጋይ ላይ ይረጫል፣ እንፋሎቱ ይነሳል፣ ይወርዳል። ሳውና ውስጥ ስለ ገላ አይወራም። ሌላ ቦታም ብዙ አይወራም፤ ሳውና ውስጥ ግን ጭራሽ ነውር ነው።

ሄልካ ፈርታ ነበር። መሞቱን ትፈራዋለች፤ ከሱ ይልቅ የሚያናድዳት ግን የሚገድላትን ነገር ሳታውቀው መሄዷ ነው። ሰው ሁሉ የራሱን ነግሯት ወርዷል፤ የካሌቪን ኩላሊት ከካሌቪ በላይ ታውቀዋለች፤ የራሷን ጥቁር ግን ስም እንኳ አልሰጡትም። በጥቅምት ለሌላ ምርመራ ስትጠራ ጥያቄዋን ይዛ ሄደች።

"ላየው እፈልጋለሁ" አለችው ለዶክተር ላሲላ።

"ምኑን?"

"ያን ጥቁር።"

"እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም" አለ ሐኪሙ። "የሚታየው ቁራጭ ብቻ ነው፤ መስታወት ላይ ያለ ነገር ነው። ለምን ፈለግሽው?"

"ስንት ዘመን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ተሸክሜዋለሁ" አለች ሄልካ። "ታክሲ ነጂ ነኝ ዶክተር። ፊቱን ሳላይ የሸኘሁት ተሳፋሪ የለኝም።"

ዶክተር ላሲላ ስልኩን አነሳና ወደ ምድር ቤት ደወለ።

ምድር ቤት የምትሠራው ዶክተር አኒኪ ናሙና መርማሪ ናት። ዕድሜዋን በሙሉ ከሰው ጋር የተዋወቀችው በቁራጭ በቁራጩ ነው። ሳንባ ታውቃለች፣ ጉበት ታውቃለች፤ ባለቤቱ በእግሩ ሄዶ ደጇ ላይ ሲቆም ግን የት እንደምታስቀምጠው ግራ ገባት። በመጨረሻ ከራሷ አጠገብ አስቀመጠቻት፤ ማይክሮስኮፑ ለሁለት ሰው ማያ ነበረው። ክፍሉም ለማየት እንዲመች ጨለም ያለ ነበር።

"ይኸውልሽ" አለች።

ሄልካ አጎንብሳ አየች። በመጀመሪያ የታያት ድፍን ቡናማ ጥቁር ነገር ነው።

"ይሄ ጨለማ ነው እንጂ ምን ይታያል?"

"እኔም ያልኩት እሱኑ ነው" አለች አኒኪ። "ቀለሙ ከመብዛቱ የተነሳ ሴሎቹ አይታዩም። አንዱን ቁራጭ አጥበን ቀለሙን ማስለቀቅ ነበረብን።"

"በሎሚ?"

አኒኪ ቀና ሳትል ሳቀች። "በኬሚካል ነው። ለምን ሎሚ አልሽ?"

"እንዲያው ነው" አለች ሄልካ። "ለቀቀ?"

"ለቀቀ። እይው።"

ሁለተኛው መስታወት ላይ ረዘም ረዘም ያሉ ሴሎች ተያይዘው ተጋድመዋል። በመሀላቸው ድብልብል ጥቃቅን ፍሬዎች አሉ፤ እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት በላይ በላዩ የተደራረቡ ናቸው።

"እነዚህ ፍሬዎች ምንድን ናቸው?"

"እነሱ ናቸው እንቅልፍ የነሱኝ" አለች አኒኪ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከጠየቃት ሰው ጋር መቼ እንደተቀመጠች አታስታውስም፤ ድምፅዋ ተለወጠ። "ከቆዳ የመጣ ሜላኖማ እንዲህ ዓይነት ፍሬ አያፈራም። ነርቭ ራሱ፣ እዚያው ከሥሩ የሚያበቅለው ጥቁር ዕጢ እንዳለ ተምሬያለሁ። በጣም ብርቅ ነው፣ እኔ አይቼ አላውቅም። አይቼ ስለማላውቅ ነው ይሆናል ብዬ ለመጻፍ የፈራሁት። ሌላ ምርመራ ልኬ እየጠበቅኩ ነው።"

"ነርቭ ቀለም ምን ያደርግለታል?"

"ምንም" አለች አኒኪ። "ግን ዝምድናው አለ። ገና እናትሽ ማህፀን ውስጥ ሳለሽ ቆዳን የሚያቀልሙትና ነርቭን የሚሸፍኑት ሴሎች አንድ ቤት ነበሩ። ከጀርባሽ ተነስተው ተለያዩ፤ አንዱ ወንድም ወደ ቆዳ ሄደ፣ ሌላው ነርቭ ላይ ቀረ። አንዳንዴ ታዲያ ቤት የቀረው ልጅ የሄደውን ወንድሙን ሥራ ይጀምራል።"

"እንግዲያው ይህን ሁሉ ጊዜ የምትፈልጓት እናት የለችም።"

"የለች ይሆናል። የዋህ ነው ማለቴ አይደለም። ተመልሶ ሊበቅል፣ ሊሄድም ይችላል፤ ዕድሜ ልክሽን እንጠብቀዋለን። ግን ሌላ በሽታ ነው፤ ለሱ የምናስበው ሌላ ነው።"

ሄልካ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች። አኒኪ መብራቱን ለማብራት እጇን ዘረጋች፤ ክፍሉ ፏ ሲል የእንግዳዋን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጡ አየችው። ዓይኗ ከንፈሯ ላይ ቀረ።

"ጠዋት ገንፎሽን በሙስቲካ ነው የበላሽው?" አለቻት።

"ምን ገንፎ? ለዚህ ምርመራችሁ ብዬ ከትናንት ማታ ጀምሮ ጾሜን ነኝ።"

አኒኪ ፋሻ አነሳች፣ በውሃ አራሰችው። "ልንካሽ?" አለች። ሄልካ ከንፈሯን ሰጠቻት። አኒኪ ጠረገች፤ ፋሻውን ገልብጣ አየች፤ ደግማ ጠረገች። ፋሻው ነጭ ነበር።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

"የሙስቶነን አፍ ነው ይሄ" አለች ሄልካ። "ከአባቴ ነው።"

"አባትሽ በሕይወት አለ?"

"ሞቷል።"

"በስንት ዓመቱ? በምን? ታሞ ነበር ወይስ በድንገት ነው?"

ሄልካ ሰው ላይ ጥያቄ ሲዘንብበት ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ አወቀች። ጀልባውን ነገረቻት፣ መረቡን ነገረቻት። አኒኪ ወንበሯን አስጠጋች።

"ሌላ ቦታስ አለሽ? ጀርባሽ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ይኖር ይሆን?"

"ጀርባዬን የት አይቼው አውቃለሁ!" አለች ሄልካ፤ ስልኳንም አወጣች። ታፒዮ ሲያነሳው መጥረቢያው ይሰማ ነበር። "ታፒዮ፣ ጀርባዬ ላይ የሆነ ምልክት አለ?"

የመጥረቢያው ድምፅ ቆመ።

"በግራ ትከሻሽ ሥር አንድ ሰማያዊ አለ" አለ ታፒዮ። "የምስር ፍሬ ታህላለች። ዝቅ ብሎ ሁለት ጥቁር አሉ፣ ጎን ለጎን። ከወገብሽ በላይ ደግሞ ሌላ ሰማያዊ፣ አነስ ያለች።"

ሄልካ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና አየችው። አብረው የኖሩት ዕድሜ ሁሉ ውስጥ ታፒዮ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። "ይህን ሁሉ ዘመን እያየኸው ለምን አልነገርከኝም?"

"ሳውና ውስጥ?" አለ ታፒዮ። በጣም ነበር የተገረመው። ከዚያም "ኢልታም አላት" ሲል ጨመረ። "ሕፃን ሳለች ነው ያየሁት። ያቺኛዋ ሰማያዊ እዛው ትከሻዋ ሥር። የእናቷን ካርታ ይዛ መጣች አልኩ በልቤ።"

ስልኩ ድምፁን ያወጣ ነበርና አኒኪም ሰምታለች።

"ኢልታ ማናት?" አለች።

"ልጄ ናት።"

"ከንፈሯስ?"

ሄልካ መልስ ከመስጠቷ በፊት የልጇ የስልክ ወሬ ትዝ አላት። ረጅሙን ድምፅ መያዝ አቃተኝ ያለችው ልጅ፣ ጫማ ስታስር የሚያዞራት ልጅ፣ ወሬዋን በቀዶ ሕክምና ስም የተሻገረቻት ልጇ ናት። "ትንፋሽ ያጥራታል" አለች ሄልካ። "ስታጎነብስ ያዞራታል። የደም ማነስ ነው ብለዋታል።"

አኒኪ ነገሩን አልሸፋፈነችም። "እንዲህ ያለ ምልክትና እንዳንቺ ያለ ጥቁር የነርቭ ዕጢ በዘር የሚወርድባቸው ሰዎች ልባቸው ውስጥ ለስላሳ ዕጢ ሊበቅል ይችላል" አለች። "ካንሰር አይደለም። ግን የልብን በር ይዘጋል፤ በድንገት ይዘጋል። ልቧ ዛሬውኑ በአልትራሳውንድ መታየት አለበት። እኔ አሁን ወደዚያ እደውላለሁ፤ አንቺ ለሷ ደውዪ።"

ኢልታ ስልኩን ስታነሳ ከኋላዋ የሕፃናት ጫጫታ ነበር።

"እማ፣ ምን አሉሽ?"

"የኔን ተዪው። አሁኑኑ ሆስፒታል ሂጂ፣ ይጠብቁሻል። ልብሽን ያዩታል።"

"ዛሬማ አልችልም፣ ማታ ልምምድ አለኝ። ቅዳሜ ልንዘምር ነው እኮ።"

"አትዘምሪም።"

"እማ ደግሞ! ምን ሆነሽ ነው?"

ሄልካ ወትሮ ቢሆን ምክንያቱን ከሥሩ እስከ ጫፉ ትዘረዝረው ነበር። ያን ቀን የመጣላት ሌላ ነው። "ኢልታ፣ በሎሚ ያሸሁሽን ታስታውሺዋለሽ?"

የሕፃናቱ ጫጫታ ራቀ፤ በር ሲዘጋ ተሰማ። "አስታውሳለሁ" አለች ኢልታ።

"አንቺ ነበርሽ ልክ። አይለቅም። አሁን ሊፕስቲክሽን ጥረጊና ሂጂ ከንፈርሽን አሳዪያቸው።"

ኢልታ ሄደች። በልቧ የላይኛው ግራ ክፍል ውስጥ በቀጭን አንገት የተንጠለጠለ ዕጢ ተገኘ፤ ልቧ በመታ ቁጥር በሩ ውስጥ እየገባ ይወጣ ነበር። ያዩት ሐኪሞች ወደ ቤቷ አልመለሷትም፤ ልብስ እንኳ ይዤ ልምጣ ብትል እምቢ አሏት። የቅዳሜውን መዝሙር ሌሎቹ ዘመሩት።

በኢልታ ቀዶ ሕክምና ቀን ሄልካና ታፒዮ በራሳቸው መኪና ሄዱ፤ ታፒዮ ነበር የሚነዳው። ሄልካ ጎኑ ተቀምጣ አንድም ነገር አልጠየቀችም። ጥዱ አለፈ፣ ሐይቁ አለፈ፣ የአባቷ ጀልባ ታስሮ የነበረበት ዳርቻ አለፈ። አባቷ ልቡ ውስጥ ምን ነበረ? ማንም አልከፈተውም፤ ያን ማወቅ ቀርቷል። መሀል መንገድ ላይ ታፒዮ ዓይኑን ከአስፋልቱ ሳይነቅል፣ "ትፈሪያለሽ?" አላት።

"እፈራለሁ።"

"እኔም" አለ። ሄልካ በሕይወቷ ከጠየቀቻቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይቺ የታፒዮ ጥያቄ ትበልጥባት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ ዕጢው እንደወጣ፣ የኢልታ ልብም በራሱ መምታት እንደጀመረ ነገራቸው። ታፒዮ ወደ መስኮቱ ዞረና እዚያው ቀረ። ቆይቶ የመተንፈሻ ቱቦው ሲወጣላት ሄልካ እንድትገባ ተፈቀደላት። ኢልታ ዓይኗን ጨፍና ተኝታለች፤ ፊቷ ነጭ ነው፤ ሊፕስቲክ የለም። ሄልካ የልጇን ባዶ ከንፈር ካየች ዘመን የለውም። ጠቃጠቆው ሁሉ እንደነበረ ነው።

ነርሷ ወጣት ናት። የኢልታን ከንፈር አየችና ደነገጠች፤ ሕመምተኛ ከንፈሩ ሲጠቁር አየር አንሶታል ማለት ነው። ቶሎ ብላ ጣቷ ላይ የተሰካውን መለኪያ አየች፤ ቁጥሩ ጥሩ ነው። ሌላ ጣቷ ላይ ሰካችው፤ ያም ጥሩ ነው። ግራ ገባት። ከዚያ የገባት ስለመሰላት ፈገግ አለችና ፋሻ አርሳ ጎንበስ አለች።

"ለካ ሙስቲካ ነው" አለች። "ማን ይሆን ሳንፈቅድ የሰጣት?" ከንፈሯንም መጥረግ ጀመረች።

ሄልካ የነርሷን እጅ ያዘች።

"ተዪው ሲስተር" አለች። "ሙስቲካ አይደለም። የኛው ነው።"

ነርሷ ፋሻውን ይዛ ቆመች። ከትራሱ ላይ የሻከረ፣ ከሹክሹክታ ያልበለጠ ድምፅ መጣ፤ ኢልታ ዓይኗን አልገለጠችም።

"አይለቅም፣ እማ።"

"አውቃለሁ፣ ልጄ" አለች ሄልካ።